ሰርጌ ደርሷል፣ ምላጭ ደግሞ አልተስማማኝም

ጥያቄ፦ «የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ 25 ዓመቴ ነው። ሰርጌ ሁለት ወር ቀርቶታል። የብብቴንና የብልቴን አካባቢ ፀጉር የማነሳው በምላጭ ነው። በተላጨሁ በሦስተኛው ቀን ችፍ ይልብኛል፣ ያሳክከኛል፣ አንዳንዱም ይመግላል። ቦታው ደግሞ እየጠቆረ ሄዷል። ከአረብ አገር የተመለሰች አክስቴ ‹በስኳር የሚነቅለውን ሐላዋ ልሥራልሽ፣ ሁለተኛ አይበቅልም› ትለኛለች። ጓደኛዬ ላዘር ተሠሪ ትላለች። እናቴ ደግሞ ፀጉሩ የወፈረው ምላጭ ስላስነካሽው ነው ብላ ትቆጣለች። ከአምና ወዲህ አገጬ ሥር ጠንከር ያሉ ፀጉሮች እየወጡ ነው፤ በወረንጦ እነቅላቸዋለሁ። ጨርሶ ብተወውስ? ቆሻሻ አይሆንም ወይ?»

ምላሽ፦ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልነሳ፤ ሌላው ሁሉ የሚወሰነው በሱ ነው። ፀጉር ቆሻሻ አይደለም። የብልት አካባቢ ፀጉር ቆዳ ከቆዳ፣ ቆዳ ከልብስ ጋር ሲፋተግ ይከላከላል። የብብት ሽታም ቢሆን ከፀጉሩ አይመጣም። ብብት ውስጥ ያሉት ዕጢዎች የሚያመነጩትን ላብ ባክቴሪያ ሲያፈራርሰው ነው የሚሸተው። ፀጉር ሲበዛ ላቡን ይዞ ያቆያል፤ ስለዚህ ማሳጠሩ ሽታ ሊቀንስ ይችላል። ሙልጭ አድርጎ መላጨት ግን በውኃና በሳሙና ከመታጠብ የበለጠ ንጹሕ አያደርግም። መታጠብ ስል ውጩን ነው፤ የብልት ውስጥ ሳሙና አይፈልግም።

ሆስፒታል ውስጥ እንኳ ነገሩ ተለውጧል። ድሮ ለምጥ የገባች እናት መጀመሪያ ትላጭ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ዛሬ ይህ በልማድ እንዳይደረግ ይመክራል። ለቀዶ ሕክምናም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ፀጉሩ አይነሳ፣ የግድ ካስፈለገ በማሽን ይከርከም፣ ምላጭ ግን አይንካው ብሏል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ምላጭ ባለፈበት ሁሉ ዓይን የማያየው ጭረት ይቀራል፤ ጀርም የሚገባው በዚያ ነው። በሕክምና በኩል ፀጉርሽን እንድታነሺ የሚያስገድድሽ ነገር የለም። ብትተዪው ጤነኛ ነሽ። ብታነሺውም ነውር የለበትም።

ወሎ ውስጥ ይህ ጥያቄ ከሃይማኖት ተነጥሎ እንደማይመጣ አውቃለሁ። እምነትሽን አልጻፍሽልኝም። ሙስሊም ከሆንሽ የብብትና የብልት ፀጉር ማንሳት ከፊጥራ፣ ማለትም ከተፈጥሮ ንጽሕና ሥርዓት፣ እንደሆነ፣ ከ40 ቀን በላይ እንዳይቆይም እንደሚባል ታውቂያለሽ። 40 ቀን ማለት ግን በየሦስት ቀኑ ማለት አይደለም። ካርድ አውጥተው ወደኔ የሚመጡት ሴቶች ቆዳቸውን ያቆሰለው ሥርዓቱ አይደለም፣ ሥርዓቱ ከሚጠይቀው በላይ መፍጠናቸው ነው። በማሽን ማሳጠር ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለውን የምታምኛቸውን ሼህ ጠይቂ። እኔ የቆዳውን ነው የምነግርሽ።

ሌላው፣ እጮኛሽ ይጠብቅብኛል ብለሽ ከሆነ የምትጨነቂው መጀመሪያ ጠይቂው። ብዙ ጊዜ ነገሩ በሐሳቡም የለም።

«ምላጭ ያወፍራል» የሚሉት እናትሽ ብቻ አይደሉም፤ አገር ሙሉ ይላል። ስህተት ነው። ፀጉር የሚሠራው ከቆዳ በታች ባለው ሥሩ ነው፤ ምላጭ እዚያ አይደርስም። ያልተነካ ፀጉር ወደ ጫፉ እየሳሳ ይሄዳል። ምላጭ መሃል ላይ ሲቆርጠው ወፍራሙ ክፍል ጫፍ ይሆናል። ስለዚህ ሲያድግ ይኮሰኩሳል፣ ጠቆር ብሎም ይታያል። በታጨደ የገብስ ማሳ ላይ በባዶ እግሩ የሄደ ሰው ይህን ያውቃል፤ የቀረው አገዳ ይወጋል እንጂ ገብሱ አልወፈረም። በዚያ ላይ አብዛኛው ሰው መላጨት የሚጀምረው በጉርምስናው፣ ፀጉሩ በራሱ ጊዜ እየጠነከረ ባለበት ዕድሜ ነው። ከዚያ ጥፋቱ ለምላጩ ይሰጣል። የአገጭሽ ነገር ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ችፍታው። የኛ ፀጉር ገና ከሥሩ ጥምዝ ነው፤ የብልት አካባቢው ደግሞ ይብሳል። ሁለትና ሦስት ስለት ያለው ሬዘር በቆዳው ላይ ተጭኖ ሲያልፍ የፊተኛው ስለት ፀጉሩን ሳብ ያደርገዋል፣ የኋለኛው ይቆርጠዋል። የተቆረጠው ፀጉር ተመልሶ ከቆዳው በታች ይገባል። ያገኘው ጫፍ ስለታም ነው። ማደግ ሲጀምር ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ይጠመዘዝና የገዛ ቆዳሽን ከውስጥ ይወጋዋል። አንዳንዱ ከወጣ በኋላ ዞሮ ይገባል። ነጠላዋን ምላጭም ብትሆን ቆዳሽን ወጥረሽ፣ ከፀጉሩ በተቃራኒ ከሳብሻት ያው ናት። ሰውነትሽ ያንን ፀጉር እንደ ባዕድ ነገር ቆጥሮ ይዋጋዋል። ያብጣል፣ ያሳክካል፣ ይመግላል። መግሉ መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ ጀርም የለበትም፤ በጥፍርሽ ስትነካኪው ነው ጀርሙ የሚገባው። ወዲያው ሳይሆን በሦስተኛው ቀን የሚወጣብሽም ለዚህ ነው፤ ፀጉሩ ለመውጋት የሚበቃ ርዝመት የሚያገኘው ያኔ ነው።

ስለዚህ በደንብ ባልላጭ ነው ብለሽ አጥብቀሽ ስትልጪ ይብስብሻል። ያ «ሙልጭ» ማለቱ ራሱ ነው በሽታው። የኮምቦልቻ ሙቀት ይጨመርበት። ደሴ ላይ ያለች ሴት ያን ያህል ላይታወቃት ይችላል። ኮምቦልቻ፣ ከሚሴ ወይም ባቲ፣ በላብና በጠባብ ጂንስ ግን በቀላል አይበርድም።

ጥቁረቱም ከዚሁ ይመጣል። ጥቁርና ጠይም ቆዳ በተቆጣ ቁጥር ቀለም ይጨምራል። ችፍታው በሳምንት ይድናል፣ ቀለሙ ለወራት ይቀራል። እሱ ሳይለቅ ሌላ ችፍታ ከመጣ በላዩ ይደርባል። ስለዚህ የጥቁረት ሕክምና የሚጀምረው ቅባት ከመግዛት አይደለም፣ ቆዳውን ማስቆጣት ከማቆም ነው። ሎሚ አትሺበት። ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል፤ ሲድን ከበፊቱ የባሰ ይጠቁራል። ያልተበረዘ ዴቶል፣ አልኮልና ሽቶም እንዲሁ። የሚያቃጥል ነገር ሁሉ ያጸዳል ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። መስታወት ፊት ቁሚና የአንገትሽን ኋላ እዪ። ብብትሽ ላይ ያለው ጥቁረት አንገትሽም ላይ አለ? ስትዳስሺው ወፈር ያለ፣ እንደ ከፋይ ለስለስ ያለ ነው? በእርጥብ ፎጣ ብትፈትጊው አይለቅም? እንዲያ ከሆነ ጥቁረቱ የምላጭ ብቻ አይደለም። ሰውነት ኢንሱሊንን በአግባቡ መጠቀም ሲያቅተው ብብት፣ አንገትና ጭን መሃል እንዲህ ይጠቁራል። ብዙ ሴት ይህን እድፍ መስሏት በድንጋይ ስትፈትግ ትኖራለች። እኔ ግን ከአገጭሽ ፀጉር ጋር አያይዤ ነው የማየው።

ከአምና ወዲህ አገጭ ላይ የጀመረ ጠንካራ ፀጉር ዝም ተብሎ በወረንጦ የሚነቀል ነገር አይደለም። ሁለትና ሦስት ፀጉር ብቻ ከሆነ፣ በቤተሰብም ካለ፣ ተፈጥሮ ሊሆን ይችላል። እየበዛ ከሄደ፣ ደረትና ከእምብርት በታች ከጨመረ፣ የወር አበባሽ ወር እየዘለለ ከመጣ፣ ብጉርና ውፍረት ካለበት ግን የሆርሞን ምርመራ ያስፈልግሻል። ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ የሚባለው የሆርሞን መዛባት ነው። በመውለድ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከ10ሩ አንዷን ገደማ ይይዛል፤ ብርቅ አይደለም። ለምን ያሳስበኛል? ያለ ሕክምና ሲቆይ መውለድን ሊያዘገይ ይችላል፣ ለስኳር በሽታም ያጋልጣል። አንቺ ደግሞ ልታገቢ ነው። የደም ምርመራና አልትራሳውንድ ነው የሚታዘዝልሽ፣ አያስፈራም። ለፀጉሩ የሚሰጡ መድኃኒቶች አሉ፤ ውጤታቸው ግን ስድስት ወር ያህል ይፈልጋል። ከነሱ አንዱ፣ ስፓይሮኖላክቶን የሚባለው፣ በእርግዝና አይወሰድም። ስለዚህ ቶሎ ለመውለድ ማሰብ አለማሰብሽን ለሐኪሙ ሳትነግሪ ከፋርማሲ ገዝተሽ እንዳትጀምሪ። ድምፅሽ ከጎረነነ፣ ፀጉሩ በጥቂት ወራት ውስጥ ከተስፋፋ፣ የራስሽ ፀጉር ከፊት ከሳሳ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ሳምንት ታዪ።

ሌላም የተለመደ ምክንያት አለ። ፊትሽ ላይ «ማጥሪያ» ትቀቢያለሽ? በየሱቁ ከሚሸጡት የማቅያ ክሬሞች ብዙዎቹ ውስጣቸው ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታዞን አለባቸው። እነዚህ ጠንካራ የስቴሮይድ መድኃኒቶች ናቸው። ለወራት ሲቀቡ ቆዳን ያሳሳሉ፣ ብጉር ያወጣሉ፣ የፊት ፀጉርም ያበቅላሉ። ሙሽራ ለመቅላት ትቀባዋለች፣ ፂም ይወጣባታል፣ ከዚያ ፂሟን ልታስነሳ ትሄዳለች። ይህን በየሰርግ ሰሞኑ አያለሁ። እየተቀባሽ ከሆነ ዋክስም ሐላዋም ፊትሽን እንዳይነካ፤ የሳሳ ቆዳ ከፀጉሩ ጋር ተልጦ ይነሳል። ለረጅም ጊዜ የቆየሽበት ከሆነም በአንዴ ብታቆሚው ፊትሽ ሊቆጣ ስለሚችል አወጣጡን ሐኪም ያሳይሽ። ለብጉር የሚዋጥ አይሶትሬቲኖይን ወይም ማታ ማታ የሚቀባ ትሬቲኖይን ለምትጠቀምም ማስጠንቀቂያው ያው ነው።

ወደ አማራጮቹ ልግባ። ምክሬ ማሽን ነው። በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ትሪመር፣ ያንቺ ብቻ የሆነች። ፊቷ ላይ የምትገጠም ጥርሳም ፕላስቲክ አላት፤ ፀጉር ቤት «ቁጥር አንድ» የሚሉት 3 ሚሊ ሜትር ያህል ያስቀራል። እሱን ሳታወልቂ ተጠቀሚ። ዜሮ አታድርጊው። ፀጉሩ ከቆዳው በላይ እስከቀረ ድረስ ወደ ውስጥ ተመልሶ የሚወጋበት ዕድል በጣም ይቀንሳል። ሳትታጠቢ፣ ፀጉሩ ደረቅ እንዳለ፣ ብርሃን ባለበት፣ ሳትጫኚ። ጨርሰሽ ታጠቢና በንጹሕ ፎጣ ጠጋ ጠጋ አድርገሽ አድርቂ። ደርቆ የሚወጥርሽ ከሆነ ቫዝሊን በስሱ ይበቃል። ማሽኗን በየጊዜው በአልኮል ጥረጊያት። ማሽን ባይገኝ ጫፉ ክብ የሆነ መቀስና ማበጠሪያም ያው ሥራ ይሠራል፤ ፀጉሩን በማበጠሪያው አንስተሽ ከማበጠሪያው በላይ ቁረጪ። ሙልጭ አይልም፣ ልክ ነው። ግን ችፍ የማይል፣ የማይጠቁር ቆዳ ነው የሚያተርፍልሽ።

ፀጉር ማንሻ ክሬም ሁለተኛ ምርጫዬ ነው፣ ለብብትና ለእግር። ክሬሙ የፀጉሩን ፕሮቲን ያሟሟል፤ ያ የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል ሽታው ከዚያ የሚወጣ የድኝ ውህድ ነው። የሚቀረው ጫፍ ስለት የለውም፣ ስለዚህ እንደ ምላጭ አይወጋም። ችግሩ ቆዳም የተሠራው ከዚያው ዓይነት ፕሮቲን መሆኑ ነው። ከተጻፈው ደቂቃ በላይ ካቆየሽው ቆዳሽን ያቃጥላል። ፀጉሬ ወፍራም ነው ብሎ ደቂቃ መጨመር የለም። ክርንሽ መታጠፊያ ላይ ጥቂት ቀብተሽ አንድ ቀን ሙሉ ጠብቂ። ካልቆጣሽ ብብትሽ ላይ ሞክሪ። ብልት አካባቢ ከላይ፣ ፀጉሩ ጠፍጣፋው ቆዳ ላይ ባለበት ብቻ፣ ያውም ለዚያ ቦታ ተብሎ የተሠራውን። ከንፈሮቹና ወደ ውስጥ ያለው ስስ ቆዳ ላይ በፍጹም። ቆዳሽ አሁን እንዳለው ቁስል ካለበት ደግሞ ከነጭራሹ አይነካም።

የአክስትሽ ሐላዋ መጥፎ ሙያ አይደለም። ስኳር፣ ሎሚና ውኃ ነው። ፀጉሩን ከሥሩ ስለሚነቅል ሦስትና አራት ሳምንት ያሳርፋል። «ሁለተኛ አይበቅልም» ግን እውነት አይደለም። ሥሩ ከታች አለ፣ መልሶ ያበቅላል። ጥምዝ ፀጉር ደግሞ ከሥሩ ተነቅሎ አዲሱ ሲወጣ መንገዱን ይስትና ያው ችፍታ ይመጣል። ለእግርና ለእጅ ከሆነ አልከለክልሽም። ለብልት አካባቢ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከሰርግ በፊት? ይቅር። የፈላ ስኳር ከፈላ ውኃ ይበልጥ ይሞቃል፣ ቆዳ ላይም ተጣብቆ ይቀራል። ቃጠሎው ጥልቅ ነው። ከተሠራሽም በእጅ የሚያዝ ያህል እስኪበርድ ይጠበቅ፣ ፀጉሩ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ይሁን፣ ከሌላ ሰው የተረፈ ሐላዋ አይምጣብሽ።

ክር ለቅንድብና ለላይኛው ከንፈር ነው፣ እዚህ አያገባንም። የሚነቅል የኤሌክትሪክ ማሽንም ከሐላዋ አይለይም። አመድ ነስንሶ በጣት መንቀልን ገጠር ያሉ እናቶች እስከዛሬ ይጠቀሙበታል፤ አመዱ ፀጉሩ እንዳያሟልጭ ይረዳል። እርጥብ ወይም የቆሰለ ቆዳ ላይ ግን አመድ ያቃጥላል።

ላዘር ከሁሉም ይለያል፣ ስለሱ የሚወራው ግን ግማሹ ማስታወቂያ ነው። ብርሃኑ በፀጉሩ ጥቁር ቀለም ተመጥጦ ሙቀት ይሆንና ሥሩን ይጎዳል። ስለዚህ ጥቁር ፀጉር ላይ ይሠራል፣ ሽበት ላይ አይሠራም። አስቸጋሪው፣ ቆዳችንም ያው ቀለም ያለው መሆኑ ነው። ማሽኑ ለነጭ ቆዳ የተሠራ ከሆነ ከፀጉሩ በፊት ቆዳውን ያቃጥላል፤ ነጭ ወይም ጥቁር ምልክት ይቀራል። ለጠይምና ለጥቁር ቆዳ የሚመረጠው ኤንዲ ያግ የሚባለው፣ በ1064 ናኖ ሜትር የብርሃን ሞገድ የሚሠራው ነው። ቀለሙን ቶሎ ሳይነካ ጠለቅ ይላል። ክሊኒኩ ይህንን ስትጠይቂ ካልመለሰልሽ፣ ወይም መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ላይ ሳይሞክር ልጀምር ካለሽ፣ ቦርሳሽን አንስተሽ ውጪ። ቤት ውስጥ ፀጉር ለማንሳት ተብለው በኢንተርኔት የሚሸጡት የብርሃን መሣሪያዎችም አብዛኞቹ ማሸጊያቸው ላይ ለጥቁር ቆዳ አይሆንም ይላሉ፤ ሻጩ ያንን አያነብልሽም።

ደግሞም በአንድ ቀን አያልቅም። ፀጉር ተራ በተራ ነው የሚያድገው፤ ላዘር የሚይዘው በዕድገት ላይ ያለውን ብቻ ነው። ስለዚህ ከስድስት እስከ ስምንት ጊዜ፣ በመሃሉ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት እየተጠበቀ ይሠራል። ካለቀም በኋላ በብዛት ይቀንሳል እንጂ አንድም አይቀርም ማለት አይደለም። ለሰርግሽ አይደርስም። ወሎ ውስጥ ካላገኘሽ ደግሞ አዲስ አበባ ነው፤ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ፣ ስድስት ጊዜ። ብታረግዢ መሃል ላይ ይቆማል። የአገጭሽ ፀጉር ከሆርሞን የመጣ ከሆነ ደግሞ ሆርሞኑ ሳይስተካከል በላዘር ብቻ የተነሳው ፀጉር ይመለሳል፤ ላዘር ፊት ላይ አንዳንዴ ፀጉሩን የሚያበዛበት ጊዜም አለ። ለወደፊት፣ ችፍታው በማሽንም እምቢ ካለሽ፣ ያኔ ላዘር ተገቢ ሕክምና ነው። ዛሬ አይደለም።

አሁን ምን ታደርጊ? ምላጩን ዛሬ አቁሚ። አራት ሳምንት ምንም አይነካው። የመጀመሪያው ሳምንት ያሳክክሻል፣ ቻዪው። ጠዋት ማታ በለብታ ውኃ የራሰ ንጹሕ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ ያዢበት። የተቀበረ ፀጉር ካየሽ በመርፌ አትቆፍሪው፤ ለብታው ራሱ ያወጣዋል፣ ሲወጣም አትንቀዪው። ጥጥ የውስጥ ሱሪና ሰፋ ያለ ልብስ ልበሺ። ከአራት ሳምንት በኋላ በማሽን አንድ ጊዜ ሞክሪና ቆዳሽን እዪ። የመጨረሻውን ከሰርጉ ሁለት ወይም ሦስት ቀን በፊት አድርጊው። በሰርጉ ሳምንት አዲስ ነገር፣ አዲስ ክሬም፣ አዲስ ባለሙያ የለም።

ጢስን በተመለከተ ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ፣ የወሎ ሙሽራ ያለ ወይባና ቦለቅያ እንደማትወጣ ስለማውቅ። ሙቀትና ጢስ ፀጉሩ ገና የተነሳለት ቆዳ ላይ ሲያርፉ ያስቆጣሉ፣ ላቡም ችፍታውን ይጠራል። ፀጉር በምትከረከሚበት ቀንና ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት ጢስ አትግቢ። ቀድመሽ ሙቂ፣ ቀጥለሽ አሳጥሪ። ፍሙም አይጠጋሽ። እሳት እየደጋገመ ቅርብ የሞቀው ጭን ላይ የተጠላለፈ ጥቁር መስመር ይወጣል፤ እሱን ማስለቀቅ ከዚህ ሁሉ ይከብዳል።

ምክሬን ሰምተሽ አንድ ቀን መላጨትሽ ካልቀረ፣ ቢያንስ አዲስ ባለ አንድ ስለት፣ ለብ ባለ ውኃ ከረሰረሰ በኋላ፣ በሳሙና አረፋ፣ ፀጉሩ ወደሚተኛበት አቅጣጫ፣ ቆዳውን ሳትወጥሪ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ከሁሉ በላይ ግን የሌላ ሰው ምላጭ አትንኪ፣ የእህትሽንም ቢሆን። ሻወር ቤት መስኮት ላይ የምትቀመጥ፣ የቤቱ ሰው ሁሉ የሚያነሳት አንዲት ሬዘር አለች አይደል? እሷን ዛሬውኑ ጣሏት። ብዙ ሰው የሚያስበው ኤችአይቪን ብቻ ነው። የጉበት ቫይረስ ቢ ግን ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ሊቆይ ይችላል፣ ለመተላለፍም ዓይን የማያየው ደም ይበቃዋል። ብልት አካባቢ ቆዳ ላይ የሚወጣ ኪንታሮት ወይም መሃሉ ጎድጎድ ያለ ትናንሽ እብጠት ካለም ምላጭ አይንካው፤ እየዘራው ይሄዳል።

ቤት ሆነሽ የማትጠብቂው ነገር አለ። ብጉንጅ ሆኖ እየተለቀ የሚሄድ፣ የሚያተኩስ፣ ትኩሳት የሚያመጣ እብጠት የሚታከመው በጤና ተቋም ነው። እኛ ቆዳ ላይ መቅላት በደንብ ላይታይ ይችላል፤ በእጅሽ ዳስሺው፣ ሙቀቱና ሕመሙ ይነግርሻል። ስኳር ካለብሽ በዚያው ቀን ሂጂ። በሁለቱም ብብትና በጭን መሃል ብጉንጅ እየደጋገመ፣ ጠባሳ እየተወ የሚመላለስባት ሴት ደግሞ «ምላጭ ነው» ወይም «ንጽህና ጎድሎኝ ነው» እያለች አትቆይ፤ ራሱን የቻለ በሽታ ነው፣ ሕክምናም አለው። ጠባሳዋ እያበጠ ለሚያድግባትም የፀጉር ጉዳይ ቀልድ አይደለም፣ ማሽን ብቻ።

ለአገጭሽ ግን ከሰርጉ በፊት ታዪ፣ ሁለት ወር በቂ ጊዜ ነው። ደሴ አቅራቢያ ባለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና አለ፣ ካንቺም ሩቅ አይደለም፤ የሆርሞኑን ምርመራ ከዚያ ይመሩሻል። የመጨረሻዎቹን የወር አበባ ቀኖችሽን ጽፈሽ ያዢ። ፊትሽና ሰውነትሽ ላይ የምትቀቢውን ሁሉ፣ ስሙ የጠፋውንም ቢሆን፣ ከነዕቃው በፌስታል ይዘሽ ሂጂ። ወረንጦውን ደግሞ ከቀጠሮሽ ሁለት ሳምንት በፊት አስቀምጪው፤ ሐኪሙ ፀጉሩን ማየት አለበት። አስቸግሮኝ ሰው ፊት አልወጣም ካልሽ በትንሽ መቀስ ጫፉን ብቻ ቁረጪ።